ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ እሺ ስለሚል ቁልፍ

ሰው ተኝቶ ሳለ ፈቃዱን ሊሰጥ ይችላልን? ጥያቄው ሲሰሙት ከችሎት የመጣ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሃይማኖት ስለ ኀጢአትና ስለ ጽድቅ የሚያስተምረው ሁሉ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ፈቃድ በሌለበት ሥራ ኵነኔም ሆነ ምስጋና አይኖርምና። ሙሽራውና ሙሽራይቱ በካህኑ ፊት እሺታቸውን ካልሰጡ ተክሊሉ ጋብቻ አይሆንም፤ ተነሳሒው በራሱ አንደበት ካልተናዘዘ የንስሐ አባቱ ስለ እርሱ ሆኖ ሊናዘዝለት አይቻለውም፤ ሙስሊሞች ወንድሞቻችንም ሥራ ሁሉ በኒያ፣ ማለት በልብ አሳብ፣ እንደሚመዘን አጥብቀው ያስተምራሉ። መልአኩ ገብርኤል ወደ ናዝሬት በተላከ ጊዜ ብሥራቱን ተናግሮ የቅድስት ድንግልን መልስ ሳይሰማ አልተመለሰም፤ ሁሉን የሚችል አምላክ ሥጋን ለመዋሐድ በወደደ ጊዜ እንኳ የአንዲት ብላቴና እሺታን ጠበቀ። ከትንሣኤው በኋላ ደጁ ተዘግቶ ሳለ በደቀ መዛሙርቱ መካከል የተገኘው ያው ጌታ በዮሐንስ ራእይ በደጅ ቆሞ ሲያንኳኳ እናገኘዋለን፤ መዝጊያ የማይከለክለው እርሱ በሩን ከውስጥ የሚከፍትለትን ሰው ፈቃድ አክብሮ ይቆማል።

ይህን አሮጌ ጥያቄ እንደ አዲስ እንዳነሣው ያስገደደኝ ከኪስ የምትገባ አንዲት ዕቃ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነቀምቴ፣ ዴዴሳን ተሻግሮ ደግሞ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በደምቢ ዶሎ፣ ወደ ሰሜንም በሻምቡ፣ ባለ መኪና የሆነ ሰው ለረጅም ዘመን የሚያውቀው ቁልፍ ጥርስ የወጣለት ብረት ነበር፤ በቀዳዳው አስገብቶ ካላዞረው በሩ አይከፈትም፣ ሞተሩም አይነሣም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አገልግለው ከሚገቡት የጃፓን መኪኖች መካከል፣ ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ በኋላ ከቻይና በሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዘንድ፣ ባለቤቱ ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ እጀታውን ሲነካ የሚከፈቱ፣ ፍሬን ረግጦ ማስነሻውን በጣቱ ሲጫን የሚነሡ ብዙዎች ናቸው። ደላላው «ፑሽ ስታርት ነው» ሲል ነገሩን እንደ ማዕርግ ይጠራዋል፣ ዋጋውንም በዚያው ከፍ ያደርጋል። በወለጋ መኪና የተድላ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል፤ ቡናን ከገጠር ወደ ከተማ ያወጣል፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ መንገዱ በጸጥታ ችግር በሚዘጋባቸውና በሚከፈትባቸው ወራት ቤተ ሰብን ከስጋት ቦታ ያሸሻል፤ ብዙ ጊዜም ወንድማማቾች ዕቁብ ጥለውና ተበድረው የገዙት የጋራ ጥሪት ነው። እንዲህ ያለውን ጥሪት የሚጠብቀው ቁልፍ እንዴት ያለ ጠባቂ እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

ሪሞት የሚባለው ይህ ቁልፍ በመዳፍ የሚሸፈን ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ በጎኑ ያለችውን መያዣ ገፋ ሲያደርጓት ከሆዱ ቀጭን የብረት ቁልፍ ይወጣል፤ እርሱም ባትሪ ላለቀበት ቀን የተቀመጠ ነው። ሽፋኑን ፈልቅቀው ሲያዩት ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ፣ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት አንቴናና ከትንሿ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ስሌት ሠሪ ይገኝበታል። ሰው ወደ መኪናው ቀርቦ እጁን ወደ እጀታው ሲዘረጋ መኪናው በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ባለ ዝቅተኛ ሞገድ ይጣራል፤ ይህ ጥሪ በተፈጥሮው ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጥሪው ያንቀላፋውን ሪሞት ይቀሰቅሰዋል፤ በጥሪው ውስጥም በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር አለ፤ ሪሞቱ ያንን ቁጥር ከመኪናው ጋር በሚጋራው ምሥጢር አስልቶ መልሱን በ315 ወይም በ433 ሜጋ ኸርዝ ይልካል፤ መልሱም ከጥሪው ይልቅ እጅግ ርቆ ይሄዳል። መኪናውም የተላከለትን መልስ ከራሱ ስሌት ጋር አስተያይቶ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ይከፍታል፤ ይህም ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን እስኪርገበገብ ባለች ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው መኪናው ባለቤቱ ቅርብ መሆኑን የሚያውቅበት ሌላ ምስክር የሌለው መሆኑ ነው፤ ጎረቤት በአጥር ላይ ሆና «ቡና ጠጡ» ብላ ስትጣራ የሰማትን ሁሉ የአጥር ጎረቤት ነው ብላ እንደምትቈጥረው፣ መኪናውም ጥሪዬ አጭር ነውና የሰማኝ ሁሉ አጠገቤ ነው ብሎ ይደመድማል።

ሌቦች የሚገቡት በዚህች ድምዳሜ ነው። አንዱ ሰው ከመኪናው አጠገብ፣ ሁለተኛው ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር አንቴና ይዘው ይቆማሉ፤ የመጀመሪያው የመኪናውን ጥሪ ተቀብሎ ለባልንጀራው ያስተላልፋል፤ ያም በግድግዳው በኩል ያሰማዋል፤ በበሩ አጠገብ በምስማር ላይ የተንጠለጠለው ሪሞት የተጠራበትን ጥሪ ሰምቶ፣ እንደ ልማዱ አስልቶ፣ መልሱን ይሰጣል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ በሩን ይከፍታል። ባለቤቱ ከጥቂት ሜትር ወዲያ በብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። በዙሪክ ከሚገኘው የስዊስ ፌዴራላዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ኦሬሊያን ፍራንሲዮን፣ ቦሪስ ዳኔቭና ስርጃን ቻፕኩን እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት የ8 ኩባንያዎችን 10 ዓይነት መኪኖች በዚህ የቅብብሎሽ መንገድ ፈትነው ሁሉንም ከፍተው አስነሥተዋቸዋል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ሪሞቱ ቢርቅ መኪናው ያስጠነቅቃል እንጂ በመንገድ መካከል አይጠፋም፤ ይህም የተደረገው ለነጂው ሕይወት ታስቦ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሌባው ማታለል የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን አድርጎታል።

በዚህ ስርቆት ውስጥ እጅግ የሚያስጨንቀኝ ሐሰት አለመነገሩ ነው። ምሥጢሩ አልተፈታም፤ ቁጥሩ አልተጭበረበረም፤ ጠሪው እውነተኛው መኪና፣ መላሹም እውነተኛው ሪሞት ነው፤ ሌቦቹ በመካከል ሆነው ሲያቀባብሉ በተቀበሉት ቃል ላይ አንዲት ነቁጥ እንኳ አልጨመሩበትም፣ አላጐደሉበትምም። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ በጾመበት ወራት ፈታኙ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ እንደ ተናገረው የታወቀ ነው፤ የጠቀሰው ቃልም በእርግጥ የዳዊት ቃል ነበር፤ ቃሉ የተሰጠው በእግዚአብሔር ለሚታመን ነፍስ መጽናኛ ሆኖ ሳለ እርሱ ግን ከቦታው ነቅሎ፣ ከአሳቡ ለይቶ፣ ለመጣያ አመጣው። ሊቃውንት ይህን ክፍል ሲተረጕሙ ከቃሉ ይልቅ ወደ አምጪው እንድንመለከት የሚያሳስቡን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃል በራሱ እውነት ሆኖ ሳለ በአመጣጡ ሐሰት ሊያደርግ ይችላልና።

ታዲያ ችግሩ ርቀት ብቻ ነውን? መኪናው የባለቤቱን ቅርበት በትክክል ማወቅ ቢችል ነገሩ ሁሉ ይቃናልን? እንዲህ እንዳንል ይስሐቅ ይከለክለናል። ዓይኑ የፈዘዘ ያ ሽማግሌ ልጁን ወደ እርሱ አቅርቦ ዳሰሰው፤ ድምፁ የያዕቆብ ድምፅ መሆኑንም ለይቶ ነበር፤ ነገር ግን በእጁ ላይ ያለው ጠጕር የዔሳው መስሎ ስለ ታየው በረከቱን ላላሰበው ልጅ ሰጠ። ቅርበት ትልቅ ምስክር ቢሆንም የመጨረሻው ምስክር አይደለም።

እኔ የችግሩን ሥር የማገኘው በሌላ ትምህርት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ስለ ሰው ነፍስ ሲያስተምሩ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት መሆኗን ይናገራሉ፤ በልቧ ታስባለች፣ በቃሏ ትናገራለች፣ በእስትንፋሷ ሕያዊት ሆና ትኖራለች፤ ሦስቱም በአንዲት ነፍስ ያለ መለያየት ስለሚገኙ፣ ሰው እሺ ሲል እሺታው ከልቡ የፈለቀና ራሱን የሚያስይዘው ይሆናል። የዘመናችን ጠቢባን ግን ከእነዚህ አንዱን፣ ቃልን ብቻ፣ ከልብና ከሕይወት ነጥለው ለፕላስቲክ ዕቃ አወረሱት። ሪሞቱ ይናገራል፤ የሚናገረውም በባለቤቱ ስም ነው፤ ነገር ግን ማን እንደ ጠራው፣ ለምን እንደ ጠራው፣ ሰዓቱ ቀን ይሁን ሌሊት የሚያስብበት ልብ የለውም። የብረቱም ቁልፍ ልብ አልነበረውም፤ ቃልም ግን አልነበረውም፤ የሰው እጅ እስኪያነሣው ድረስ ዝም ብሎ ይተኛ ነበርና እጁን ያነሣው ፈቃድ የባለቤቱ ወይም የሌባው ፈቃድ ሆኖ በግልጥ ይታወቅ ነበር። የነገሥታትና የመኳንንት ማኅተምም ከባለቤቱ ርቆ ይናገራል፤ ነገር ግን ሰም ላይ ያተመው እጅ በዚያች ሰዓት ፈቅዶ አትሟል። ፈቃድ ሳይንቀሳቀስ በየጥሪው እሺ የሚል ዕቃ የሠራነው እኛ ነን።

አንባቢ በዚህ ላይ እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል፦ ሰው ሥራውን በእንደራሴና በወኪል ሲያሠራ የኖረ ነው፤ ተኝቶ ሳለ ዘበኛው ይጠብቅለታል፣ ርቆ ሳለ ወኪሉ ይፈርምለታል፤ ሪሞቱስ ከዚህ በምን ይለያል? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በነቀምቴ እስከ ዛሬ የቆመውን የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት የጐበኘ ሰው የቅጥሩን አሠራር ሲያይ ደጅ በዚያ ዘመን ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው ይረዳል፤ በአገራችን መኳንንት ዘንድ ባለ ጉዳይ ደጅ ሲጠና ይውላል፣ አጋፋሪው ማን መሆኑንና ለምን እንደ መጣ ጠይቆ ካስገባው ይገባል፣ ካላስገባው ይመለሳል። አጋፋሪው የጌታውን ፈቃድ ተክቶ የሚሠራ ወኪል ነው፤ ነገር ግን ነባቢ ብቻ ሳይሆን ልባዊም ነው፤ የታወቀ ሰው ባልታወቀ ሰዓት ቢመጣ ይጠራጠራል፤ ፊቱ ከጠቈረበት ያዘገየዋል፤ ነገሩ ካላማረው ገብቶ ጌታውን ይጠይቃል። ዛሬም በወለጋ ከተሞች በላሜራ በር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድር ዘበኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ «ኤኙ?» ብሎ በኦሮምኛ ማንነቱን ይጠይቃል፤ ድምፁ የሚያውቀው ሰው ድምፅ ቢሆን እንኳ «በዚህ ሰዓት ምነው፣ በደኅና ነው?» ሳይል አይከፍትም። በውክልና ትልቁ ነገር ይህ የመጠራጠር ሥልጣን ነው፤ እሺ ለማለት የተሾመ ሁሉ እምቢ ለማለትም ካልተሾመ ወኪል ሊባል አይችልም። ሪሞቱ እምቢ የሚለው ስሌቱ ሲሳሳት ብቻ ነው፤ ስሌቱ ልክ ከሆነ ጠሪው ማንም ይሁን ማን እምቢ ማለትን አያውቅም።

በአንዳንድ ኩባንያዎች ዘንድ ሪሞቱ ለጥቂት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ በቈየ ጊዜ ጥሪ መስማቱን እንዲያቆም የሚያደርግ የእንቅስቃሴ መለኪያ መጨመሩ የዚህን ነገር እውነትነት ያስረዳል፤ ባለቤቱ ሲተኛ ዕቃውም እንዲተኛ አደረጉት፤ ይህን በማድረጋቸው የፈቃድ ጥያቄ ተራ የፍልስፍና ጨዋታ አለመሆኑን በሥራ መሰከሩ።

ከዚህ የጠለቀ መፍትሔ የተገኘው ከብርሃን ነው፤ እኔም ይህን ባሰብሁ ቍጥር ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ስቴፋን ብራንድስና ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳቀረቡት፣ ጠያቂው ጥያቄውን ልኮ መልሱ እስኪደርሰው የሚያልፈውን ጊዜ ቢለካ መላሹ ከምን ያህል ርቀት እንደማያልፍ ሊወስን ይችላል፤ ብርሃንም ሆነ የራዲዮ ሞገድ በሰከንድ ከ300,000 ኪሎ ሜትር ያህል በላይ ሊሮጥ አይችልምና። በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለት ሰከንድ ለአንድ ቢሊዮን ተከፍሎ በሚደርሰው ክፍል፣ ብርሃን የሚጓዘው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አልትራ ዋይድባንድ በተባለው የራዲዮ ስልት የሚሠሩት አዳዲስ ቁልፎች ይህን የመሰለ ረቂቅ ጊዜ ይለካሉ። አቀባባዩ ሌባ የቱንም ያህል ብልሃተኛ ቢሆን ቃሉ የዞረበትን መንገድ ማሳጠር፣ የፈጀውንም ጊዜ መመለስ አይቻለውም። ፍጡር ሁሉ ወሰን አለው፤ ለእያንዳንዱ ፍጡር ወሰን የሠራለት ባለቤት ያንኑ ወሰን የማይደለል ምስክር አድርጎ ሰጠን። ይሁን እንጂ ይህ ስልት ያለባቸው መኪኖች ገና አዳዲሶቹና ውዶቹ ስለ ሆኑ ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ላይ በደረሰ መኪና ለሚሠራ የወለጋ ሰው ምስጋናው ከጥቅሙ ቀድሞ ደርሷል።

«በሩ ራሱ ከፈተልኝ» የሚል ሌባ ቢገኝ መልሱ ረጅም ክርክር አያሻውም። ያልተጠበቀ ንብረት የማንም አይሆንም፤ ኦሮሞ ሰፉ በሚለው የክብርና የነውር ሥርዓት የሌላው የሆነ ነገር አጥር ባይኖረውም ወሰን አለው፤ በክርስትናውም ሆነ በእስልምናው የተከፈተ በር ለመስረቅ ፈቃድ ሆኖ አያውቅም። ድሮ በአገራችን ሌብነት በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአፈርሳታ ተሰብስቦ፣ ምሎና ተገዝቶ፣ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደድ ነበር፤ ሥርዓቱ ብዙ ግፍ እንደ ነበረበት አልክድም፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ንብረት ጥበቃ የጎረቤቶቹ ሁሉ ኅሊና መሆኑን ያስተምር ነበር።

ከሌባው ይልቅ ረዘም ያለ ነገር የሚገባቸው የቁልፉን ድካም እያወቁ ዝም ያሉት ናቸው። የቁልፍ ሥራን ጉድለት መናገር በጎ ነውን ወይስ ክፉ? ክርክሩ ከመኪና አስቀድሞ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ፣ የእንግሊዝ አገር መመኪያ የነበሩትን የቸብና የብራማ ቁልፎች በአደባባይ ከፈታቸው፤ የብራማውን ለመክፈት በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቷል። ብዙዎች ሌቦችን አስተማረ ብለው ነቀፉት፤ እርሱና ወዳጆቹ ግን ሌቦች በሙያቸው ከማንም በፊት እንደሚያውቁና ጉድለቱ የሚሰወረው ከባለ ንብረቱ ብቻ እንደ ሆነ መለሱ። ኦገስት ኬርክሆፍስም እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ምሥጢር ጽሕፈት ሲጽፍ፣ መልካም ሥርዓት አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ የማይናወጥ መሆን እንዳለበት ደንግጓል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በእኛ ዘመን የሆነውን ስናይ ሰው የቀደመውን ትምህርት ምን ያህል ቶሎ እንደሚዘነጋ ያሳዝናል። ፍላቪዮ ጋርሲያ፣ ሩል ቨርዱልትና ባሪሽ ኤገ የተባሉ ተመራማሪዎች ሜጋሞስ ክሪፕቶ የተባለውን፣ ሞተር ያለ ትክክለኛው ቁልፍ እንዳይነሣ የሚከለክለውን መሣሪያ ጉድለት ደርሰውበት ሊያሳትሙ ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በቮልክስዋገን አቤቱታ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከለከላቸው፤ ጥናቱ የታተመው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2015፣ ያውም አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀንሶለት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መኪናውን በዕዳ የገዛው ሰው በደጁ ያቆመው ንብረት ምን ያህል እንደሚታመን ሳያውቅ አደረ። ወደ እኛ ሲቀርብ ደግሞ፣ የሌቨንና የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ገለጡት፣ በአንዳንድ ዓመታት በተሠሩ የቶዮታ፣ የኪያና የሀዩንዳይ መኪኖች ያለው ዲኤስቲ80 የተባለ የቁልፍ ምሥጢር ከተገመተው ይልቅ ደካማ ነበር፤ በቶዮታዎቹም ምሥጢሩ የተቀዳው ቁልፉ ለቀረበው አንባቢ መሣሪያ ሁሉ በግልጥ ከሚናገረው መለያ ቁጥር ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዘረዘሯቸው መካከል ኮሮላ፣ ሂሉክስና ላንድ ክሩዘር ይገኙባቸዋል፤ ከነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ከእነዚህ ስሞች ውጭ የሚያነበው ጥቂት ነው። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ መኪናውን አዲስ የገዛ ሰው ጉድለት ሲገኝ ኩባንያው በአድራሻው ይጽፍለታል፤ መኪናው ከጃፓን ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጊምቢ ሲዘዋወር ግን ደብዳቤው አብሮ አይዘዋወርም።

የእኔ ፍርድ ግልጥ ነው፤ ሠሪው ያወቀውን ጉድለት ከገዢው መሰወር ስለ ባልንጀራ የተሰጠውን ትእዛዝ ማፍረስ ነው፤ ባልንጀራውም በፋብሪካው አጠገብ ያለው ብቻ ሳይሆን ከስድስት ሰው እጅ በኋላ መኪናውን የሚያሽከረክረው የደምቢ ዶሎ ሰው ጭምር ነው። ጉድለቱ ቢታወቅ ሌባም ይማራል የሚለው ምክንያት ሊጸና የሚችለው መድኃኒቱ እስኪዘጋጅ ለሚያስፈልገው አጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ዝምታ የኩባንያውን ስም ይጠብቃል እንጂ የማንንም መኪና አይጠብቅም።

በነቀምቴ ሆኖ ይህን የሚያስብ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብን ሳያስታውስ ሊያልፍ አይችልም። በሕፃንነቱ ለባርነት ተሸጦ በምጽዋ ነፃ የወጣው ያ ሰው፣ አስቴር ጋኖን የመሰለች ረዳት አግኝቶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ፤ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ሲያስተምር ኖሮ በ1931 በዚያው አረፈ። የደከመበት አሳብ ሕዝብ ነፍሱን የሚመለከተውን ነገር በገዛ አንደበቱ ሊሰማ ይገባዋል የሚል ነበር። ከነፍስ በታች የሆነው ንብረት ከነፍስ ጋር አይነጻጸርም፤ ሆኖም የሠራተኛ ላብ የቀመመው ጥሪት ስለ ሆነ እንደ ኢምንት አይታይም። ዛሬ ወደ ወለጋ የሚገባው መኪና መመሪያው በጃፓንኛ ወይም በቻይንኛ ተጽፎ በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ይመጣል፤ ባለቤቱ ሪሞቱ ሌሊት ሌሊት ለጠራው ሁሉ እንደሚመልስ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ የነገረው የለም።

ነገሩ በስልክ ሲሆን ሌላ መልክ ይይዛል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በስልክ አፕሊኬሽን ከሩቅ ይከፈታሉ፤ ትእዛዙም በባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር በኩል ዞሮ ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ የነበረበትን ወራት ያሳለፈ ሰው፣ የገዛ በሩን እሺታ በሌላ እጅ ማኖር ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያሻውም።

ፈቃድን ወደ ባለቤቱ እጅ ለመመለስ ዛሬውኑ የሚቻል ነገር አለ። በብዙ የቶዮታ ስማርት ቁልፎች ላይ የመቈለፊያውን ምልክት ተጭኖ ይዞ የመክፈቻውን ሁለት ጊዜ መጫን ይበቃል፤ ትንሿ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ስትል ሪሞቱ ጥሪ መስማቱን ትቶ ይተኛል፤ ጠዋት ማንኛውንም ምልክት ሲጫኑት ይነቃል። ይህ የተሠራው ባትሪ ለመቈጠብ ቢሆንም፣ ሰው አውራ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ በሩ እንዳይከፈት ስለሚያደርግ ከቍጠባው የሚበልጥ ጥቅም አለው። እንዲህ የማይሠራ ሪሞት ያለው ሰው በደንብ የሚገጥም ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ ያሳድረው፤ ጣሳ ሁሉ ግን አይከለክልምና ሪሞቱን ከነጣሳው ወደ መኪናው ወስዶ እጀታውን በመንካት ይፈትነው፤ በሩ ከተከፈተ ጣሳውን ይለውጥ። መሪውን የሚያስረው የብረት ዘንግም እንደ ኋላ ቀር ነገር አይናቅ፤ የራዲዮ ሞገድ አይሰማምና።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ሽያጭ ነው። በወለጋ ከተሞች መኪና ሲሸጥ ሻጭና ገዢ በምስክሮች ፊት ይዋዋላሉ፣ ገንዘቡ በባንክ ይተላለፋል፣ ሊብሬው በገዢው ስም ይዛወራል፤ በዚያች ሰዓት ሻጩ በነፃ ፈቃዱ ንብረቱን እንደ ለቀቀ በሕግም በኅሊናም ይታመናል። መኪናው ግን ውሉን አላነበበም። በመዝገቡ ውስጥ የነበሩት ሪሞቶች ሁሉ፣ ጠፋ የተባለውና በቀድሞው ባለቤት መሳቢያ የቀረው ጭምር፣ እስኪሰረዙ ድረስ ለእርሱ ጌቶች ናቸው፤ የተሻረ ፈቃድ በአየር ላይ ጸንቶ ይኖራል ማለት ነው። ሪሞት የሚያስገባና የሚያወጣ መሣሪያ ያለው ባለሙያ በመኪናው መዝገብ ያሉትን ሁሉ ሰርዞ በፊቱ የቀረቡትን ብቻ እንደ ገና ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ውል ጸሐፊዎች ከሞተርና ከሻንሲ ቁጥር ቀጥሎ ስለ ሪሞቶቹም አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ሻጩም ያሉትን ሁሉ በገዢው ፊት በጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥና የጐደለው ከመኪናው መዝገብ መሰረዙ ከተረጋገጠ በኋላ ምስክሮቹ ቢፈርሙ እለምናለሁ።